ብርሃንና የወፍጮ ወረፋ

ማክሰኞ፣ ጥር 20

መሣሪያዬ ደግሞ እምቢ አለ። እሁድ ሠራ፣ ትናንት በገብርኤል ዕለት ሠራ፣ ዛሬ ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ ባበራው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

የጠረጠርኩት ሙጫውን ነው። መስታወቶቹን ጣውላው ላይ የለጠፍኩት በጫማ ሙጫ ነው፤ ሌላ ከየት ይመጣል? ሁለቱንም ነቅዬ እንደገና ለጠፍኩ። እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ያው ነው። ሌዘሩን በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩት። ያው ነው። ጣውላው ሥር የታጠፈ ጋዜጣ አስገባሁ። ባሰበት።

ነገሩን ልጻፈው፤ ስጽፈው ይጠራልኛል። አንድ ቀይ ሌዘር አለኝ፣ ልጆች ግድግዳ ላይ የሚያጫውቱት ዓይነት፣ በባትሪ የሚሠራ። ብርሃኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከፊሉን አሳልፎ ከፊሉን በሚመልስ መስታወት ላይ ነው። እዚያ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ ጨረሮች በየራሳቸው መንገድ ሄደው፣ በየራሳቸው መስታወት ተመልሰው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ካርቶን ላይ ይገናኛሉ። ካርቶኑን በመርፌ በስቼዋለሁ፤ ከቀዳዳው ጀርባ ነጭ ወረቀት አለ። አንደኛውን ጨረር በእጄ ብጋርድ ወረቀቱ ይቀላል። ያንን ለቅቄ ሌላኛውን ብጋርድም ይቀላል። ሁለቱንም ብለቃቸው ግን ይጨልማል። ብርሃን ላይ ብርሃን ጨምሬ ጨለማ አገኛለሁ። መጀመሪያ ቀን ሳየው ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ እልል ብያለሁ።

ይሄ ለኔ የአስማት ትርኢት አይደለም። ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ የሚውለው እንዲህ ዓይነት ትናንሽ ጥያቄ ሲመልስ ነው፦ ከሁለቱ አንዱ ብቻ በርቷል ወይስ ሁለቱም? ዛሬ መልሱን የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ ደግሞ ሲሠራ ይግላል፤ የትምህርት ቤታችን ላፕቶፕ ጭን ላይ ቢያስቀምጡት ቀሚስ ይተኩሳል። ብርሃን ግን ፈጣን ነው፤ ሁለት ጨረሮች መንገድ ላይ ቢተላለፉም አይጋጩም። አንድ ቀን በብርሃን የሚያሰላ ኮምፒውተር ይመጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም እላለሁ። የማስተርስ ጽሑፌን በዚህ ላይ ካልሠራሁ ምን ላይ እሠራለሁ?

ዶክተር አስናቀ ከሰዓት ደወሉ። አማካሪዬ ናቸው፤ ክረምት ክረምት ደብረ ማርቆስ እየሄድኩ የምማረው በሳቸው ሥር ነው። የላክሁላቸውን ቪዲዮ አይተውታል። «መምህርት ባንቺ፣ ጥሩ ነው፤ ግን ዛሬ በስልክ ምን የማይቀናበር አለ? ከቀዳዳው ኋላ ሰው ተቀምጦ ባትሪ ቢያበራና ቢያጠፋስ?» አሉኝ። ሳቅ አለበት እንጂ ቀልድ አልነበረም። የፊታችን ሰኞ ለሌላ ሥራ እኔ ወደማስተምርበት ይጁቤ ይመጣሉ፤ በዚያው ክፍሌ ገብተው በዓይናቸው ያያሉ። ሠርቶ ካዩት ርዕሴ ይጸድቃል። ካልሠራ እሳቸው የመረጡልኝን እይዛለሁ፦ ተማሪዎች ፊዚክስ ለምን እንደሚጠሉ መጠይቅ ማስሞላት። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም» የሚል። እኔ ወስኛለሁ። ያንን ወረቀት ስበትን መዋል አልፈልግም።

ሰኞ መሥራት አለበት።

ረቡዕ፣ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ፤ ነጠላዬን ሳላወልቅ አበራሁት።

ቆመ። እንደ ተራራ ቆመ። ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩ ቀይ። እጄን አስገባሁ አወጣሁ፣ አስገባሁ አወጣሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። ሙጫው ነበር ማለት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ደርቆ ያዘ። የጫማ ሙጫ ይባረክ።

እትዬ ዘውዴ፣ አከራዬ፣ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ሦስት ዓመት በግቢያቸው ስኖር ያላስተዋሉኝ ቀን የለም። «በማርያም ቀን ሥራ ያዝሽ?» አሉኝ። አላረስኩ፣ አልፈጨሁ፣ ብርሃን ማየት ሥራ ነው እንዴ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ገብተው ተቀመጡ።

ሁለት ብርሃን ሲገናኝ እንዴት እንደሚጨልም ጠየቁኝ። በሳፋ ውሃ አመጣሁ። ሁለት ጣቴን ውሃው ላይ እየነከርኩ አሳየኋቸው፤ ከሁለቱም ጣት ሞገድ ይነሳል፣ አንዱ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል ያለበት ቦታ ላይ ውሃው ጸጥ ይላል። ብርሃንም ሞገድ ነው፣ የሚጨልመው እዚያ ጸጥ ያለው ቦታ ላይ ነው አልኩ። ሳፋውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። «እና ትናንት እምቢ ያለው ዛሬ ለምን ሠራ?» አሉኝ። ሙጫው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ማርያም ናት፣ እሁድም ሰንበት ናት፣ ሰኞም ገብርኤል ነው አሉ፤ «አንች ሙጫ በይ።»

ደስታዬን የሚያደፈርስ አልነበረም። ማታ ሽሮ አሳርሬ በደስታ በላሁት።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ሙጫው አይደለም።

ጠዋት ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀዳዳው ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፤ እጄን ባስገባ ባላስገባ ግድ የለውም። ማልቀስ ቃጣኝ። እትዬ ዘውዴ በመስኮት አየት አድርገውኝ «ሙጫው» ብለው አለፉ።

እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። ሌዘሩ የባትሪ ስለሆነ እንደበራ ነው። እንዲሁ በብስጭት አፍጥጬበት ሳለ፣ ቀስ ብሎ፣ ዓይኔ እያየ፣ ረጋ። ጨለመ። ቀጥ አለ።

ያኔ ነው ጆሮዬ የሰማው። ማለትም ያልሰማው። የጋሼ ሞላ ወፍጮ ጸጥ ብሏል። ከክፍሌ ግድግዳ ወዲያ ነው ያለው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያጓራ ስለኖረ አልሰማውም ነበር። መብራት ሲሄድ ቆመ። እሁድ አይሠራም። ገብርኤል አይሠራም። ማርያም አይሠራም። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ መስታወቱን ሲያንቀጠቅጥ የከረመው እሱ ነው! የብርሃን ሞገድ እኮ ከአቧራ ቅንጣት ያንሳል፤ መስታወቱ የዚያን ሩብ እንኳ ቢነቃነቅ ሁሉ ነገር ይዘበራረቃል። ይሄን ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ መሰላችሁ። (ለማን ነው «መሰላችሁ» የምለው? ብቻዬን ነኝ።)

መብራት መጣ፣ ወፍጮው ተነሳ፣ ብርሃኑ ተንቀጠቀጠ። በደስታ ልሞት። ሮጬ እትዬ ዘውዴ ጋ ሄድኩ። ማርያም አይደለችም፣ ወፍጮው ነው፣ በበዓል ወፍጮው ስለሚቆም ነው አልኳቸው።

ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። «ታዲያ ወፍጮውን ያስቆመችው ማን ሆነችና?»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ምስር ለቀምኩ።

ዓርብ፣ ጥር 23

ጊዮርጊስ። ወፍጮው ዝግ፣ ብርሃኑ ጸጥ። ቅዱሳኑ እየተቀባበሉ ያኖሩኛል።

ችግሩ ሰኞ ነው። ሰኞ 26 ነው፤ በኛ ሰፈር የሚከበር በዓል የለውም። በማግስቱ 27 መድኃኔዓለም ነው፣ ወፍጮው ይዘጋል። አንድ ቀን! አንድ ቀን ብቻ ቢገፋልኝ።

ለዶክተር ደወልኩ። ማክሰኞ ቢመጡ አልኩ። ማክሰኞ ባሕር ዳር ነኝ አሉ። ምነው አሉኝ። ፍርጥ አድርጌ እውነቱን ተናገርኩ፦ መሣሪያዬ የሚሠራው በበዓል ቀን ነው፤ የጎረቤቴ ወፍጮ የሚዘጋው ያኔ ነው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስልኩን አርቀው እየሳቁ ነው። «ባንቺ፣ የክብረ በዓል ኮምፒውተር የሚል ርዕስ አላጸድቅም» አሉ። ሰኞ በአራት ሰዓት እንደሚመጡ፣ በአሥር ሰዓት መኪናቸው እንደሚመለስ ነግረውኝ ዘጉ።

ወደ ትምህርት ቤት ልውሰደው? ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ተዘግቷል፣ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ደብረ ማርቆስ ሄዷል። ሌላ ቤት ላዛውረው? ጣውላውን ባነሳሁት ቁጥር መስታወቶቹን አስተካክሎ ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጋሼ ሞላ ቤት ሄድኩ። የጊዮርጊስ ጠላ ላይ አገኘኋቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ዱቄት ከቅንድባቸው በበዓልም አይለቅም። ሰኞ ለግማሽ ሰዓት ወፍጮውን ያቁሙልኝ አልኩ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። የጥር ሰርግ ነው፣ እሁድ ዝግ፣ ማክሰኞ ዝግ፣ አገሩ ሁሉ ሰኞ ይመጣል አሉ። «ወፍጮው የኔ ነው፤ ወረፋው ግን የኔ አይደለም። ተራ የደረሰው ሰው ነው አዛዡ። እኔ ባቆመው ሴቶቹ እኔን ነው የሚፈጩኝ።»

ጠላቸውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ገበያ ነው፤ ወፍጮው ከጎህ ጀምሮ ያጓራል።

ያደረግኩት፦ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ለመንኩ፣ ትንሽ አየር አስነፋሁ፣ ጣውላውን ላዩ ላይ አስተኛሁ። ከወለል የሚመጣውን ቀነሰው፤ እትዬ ዘውዴ ሲረግጡ እንኳ አይሰማውም። የወፍጮው ድምፅ ግን በግድግዳና በአየር ገብቶ መስታወቶቹን ራሳቸውን ያስጨንቃቸዋል። በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ትንሽ ተሻለው፣ አልዳነም። ሁለት ብርድ ልብስ አደረግኩ። አሁን መሣሪያው አይንቀጠቀጥም ይሆናል፤ አይታይምም።

ተስፋ ቆርጬ ወጥቼ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ተራዋ የደረሰ አንዲት ሴትዮ የጆንያዋ ማሰሪያ ተቋጥሮባት እየፈታች ነው፣ ቀስ ብላ። ኋላዋ ያሉት ያጉረመርማሉ፤ ቶሎ በይ እንጂ፣ ልቀቂ እንጂ። ቀና ብላ አየቻቸው። «ተራዬ አይደለም እንዴ? በተራዬ ብፈልግ እተኛበታለሁ» አለች። ኋላዋ ያሉት ወደየጆንያቸው ተመለሱ። ጋሼ ሞላም እጃቸውን አጣምረው ጠበቋት።

እኔ ሴትዮዋን ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ተራ የደረሰው ሰው አዛዥ ከሆነ፣ እኔም ተራ ልይዝ እችላለሁ። ተራዬ ሲደርስ ወፍጮውን የምፈልገው እንዲፈጭልኝ ሳይሆን ዝም እንዲልልኝ ነው። ማን ይከለክለኛል? ተመልሼ ጋሼ ሞላን ጠየቅኩ። ጣታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፤ ግን ሕጉን የሚያፈርስ ነገርም አላገኙበትም። ሁለት ነገር ብቻ አሉኝ፦ ያለ እህል ወረፋ አይያዝም፤ ጊዜሽም ያመጣሽው እህል እስኪፈጭ የሚፈጀውን ያህል ነው።

እህል የለኝም። ፓስታ ነው ያለኝ።

እሁድ፣ ጥር 25

ትናንት እትዬ ዘውዴ አንድ ጆንያ ገብስ ሰጡኝ። መቼም በነጻ አይደለም፤ ሰንበት ሳይገባ አፈር ለቅሜ፣ አንፍሼ፣ አዘጋጅቼ። «ደግሞ ተፈጭቶ ይምጣ» አሉ። ተራዬን በዝምታ እንደምጨርሰው አልነገርኳቸውም። ሳይገባቸው አይቀርም።

ዛሬ ጸጥታ ስለሆነ ስለማመድ ዋልኩ። ይሠራል። እየሠራ ሳየው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ዶክተር ጠያቂ ሰው ናቸው። ይህ መሣሪያ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ኮምፒውተር ለመሆን ስፍር ቁጥር የሌለው እንዲህ ያለ ነገር እርስ በርሱ መቀጣጠል አለበት። የአንዱ መልስ ለሌላው ጥያቄ መሆን አለበት። ብርሃን ደግሞ አጠራቅመህ የምታኖረው ነገር አይደለም፤ ቁም ብትለው አይቆምም። በዓለም ላይ ትልልቅ ቤተ ሙከራ ያላቸው ሰዎች የሚታገሉበት ነገር ይሄው ነው። እኔ ይጁቤ ላይ በጫማ ሙጫ ምን ልመልስ?

መጠይቁ በሕልሜ መጣ፣ ቀን ተኝቼ። በጣም እስማማለሁ የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ ይለኛል።

ሰኞ፣ ጥር 26

እጄ አሁንም ዱቄት ዱቄት ይላል። በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለበለዚያ አልጨርሰውም።

ጠዋት ጆንያዬን በጋሪ አስጭኜ ሄድኩ፤ ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ ጋሪ! ግን ከባድ ነው። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ። መምህርት ባንቺ ገብስ ይዛ ስትመጣ ሲያዩ ጠላ ልትጠምቂ ነው? ልታገቢ ነው? አሉኝ። ጥር ላይ ሌላ ነገር አይታያቸውም።

አራት ሰዓት ሆነ፣ ዶክተር የሉም። ተራዬ ደረሰ። ኋላዬ ላለችው አሳለፍኩ። ደወልኩ፤ ስብሰባው አላለቀም። እንደገና ደረሰ፣ እንደገና አሳለፍኩ። ሴቶቹ መጀመሪያ መረቁኝ፣ ከዚያ ተጠራጠሩኝ። ምንድን ነው ነገሩ አሉ። ነገርኳቸው፤ መምህሬ ሲመጡ ወፍጮው እንዲቆምልኝ ነው። አንዷ «ወፍጮ ቤት መጥታ ወፍጮ ይቁም የምትል ዛሬ ገና አየሁ» ብላ ተንከተከተች። ሌላዋ ልጄን ያስተማርሽው ይሄን ነው ወይ አለች፤ ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ።

እንዲህ እያሳለፍኩ ከሰዓት ሆነና ከኋላዬ አንድ ሰው ብቻ ቀረች፦ ወይዘሮ የሺ። የፊታችን እሁድ የወንድሟን ልጅ ትድራለች፤ የሰርጉን እህል በሁለት ጋሪ ነው ያመጣችው። ለሷ ካሳለፍኩ ወፍጮው እስኪመሽ አይቆምም። ዶክተር ደግሞ በአሥር ሰዓት ይሄዳሉ። ደወልኩ፤ አያነሱም።

ጋሼ ሞላ መጡ። «በይ እንግዲህ። ፍጪ ወይ ልቀቂ።»

ያቁሙልኝ አልኩ።

አቆሙት። ጸጥታው መጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዘወር ብሎ አየን። የገብሴ ጊዜ መቆጠር ጀመረ፣ እኔም ባዶ መንገድ ላይ አፍጥጬ ቆምኩ። ወይዘሮ የሺ ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች። ማንን ነው የምንጠብቀው አለችኝ። መምህሬን አልኩ። «እሳቸውስ ገብስ አላቸው?» አለች። የሳቅኩት ሳቅ ወደ ለቅሶ የቀረበ ነበር።

ባጃጅ መጣ። ዶክተር አስናቀ ወረዱ፤ ክራባታቸው ትከሻቸው ላይ ዞሯል፣ ስልካቸው ባትሪ ጨርሷል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ጋሼ ሞላ፣ ወይዘሮ የሺ፣ ተራ የሰጠኋቸውና ዱቄታቸውን ታቅፈው የቀሩት ሴቶች ሁሉ ተከተሉን። አቁመንልሽማ ሳናይ አንሄድም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እርምጃ ስለሚያነቃንቀው ማንም እንዳይነቃነቅ አልኩ። ወንጌል ሲነበብ እንደሚቆሙት ቆሙ።

አበራሁ። ጨለማ። አንዱን ጋረድኩ፣ ቀላ። ሌላውን ጋረድኩ፣ ቀላ። ሁለቱንም ለቀቅኩ፣ ጨለመ። «ሁለቱም ሲበሩ ነው የጠፋው?» አለች አንዷ በሹክሹክታ። አዎ አልኩ። ወይዘሮ የሺ «እንግዲያው ለሰርግ ቤት አይሆንም» አለች።

ዶክተር አልሳቁም። ጎንበስ አሉ። ከካርቶኑ ኋላ አዩ። ወረቀቱን አንስተው ገለበጡ። ጠረጴዛው ሥር አዩ። እኔን አዩኝ። ፊታቸው ላይ የማነብበው አጣሁ። እሳቸው ሳያምኑኝ የገብሱ ጊዜ አለቀ፤ ጋሼ ሞላ ከበሩ «ጊዜሽ ሞላ ልጄ» አሉ።

ያኔ ዶክተር ቀና ብለው «ደግ፣ እስቲ ወፍጮው ይነሳ» አሉ።

አይሆንም፣ ይበላሻል፣ እሱን ነው እኮ ቀኑን ሙሉ የሸሸሁት አልኩ። ይነሳ አሉ። ጋሼ ሞላ ሄዱ። ወፍጮው አጓራ፤ ጥቁሩ ቀዳዳ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ቀላ፣ እንደ ወባ። አንገቴን ደፋሁ። አለቀ አልኩ። መጠይቁ ታየኝ።

ዶክተር ግን ቀዳዳው ላይ ተተክለው ቀሩ። ቀስ ብሎ ፈገግታ መጣ፤ የፊዚክስ ሰው ፈገግታ። «ቆሞ ሳየውማ አላመንኩሽም ነበር» አሉ። «ባትሪ ደብቀሽ ቢሆን ኖሮ ወፍጮ አያስደነግጠውም። እንዲህ የሚደነግጥ እርስ በርሱ የሚጠፋፋ ብርሃን ብቻ ነው።»

አንድ ሳምንት ስደብቀው የከረምኩት እሱ ነበር የመሰከረልኝ።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቁኝ። የዚህን መልስ ለሚቀጥለው መሣሪያ እንዴት ታቀብይዋለሽ አሉ። አላውቅም አልኩ። «ጥሩ። ርዕስሽ እሱ ነው» አሉ። ጸድቋል። በሴቶቹ ፊት፣ በወፍጮው ጩኸት ውስጥ፣ እየጮኹ ነው ያጸደቁት። እልልታውን ያስነሳችው ወይዘሮ የሺ ናት፤ ምን እንደጸደቀ ግን አልጠየቀችም።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

መድኃኔዓለም። ጸጥታ።

እትዬ ዘውዴ ገብሳቸውን ጠየቁኝ። ወፍጮ ቤት ነው አልኳቸው። ተፈጭቶ? አሉኝ። አልተፈጨም፤ ተራዬን በዝምታ ጨረስኩት አልኩ። «ዝምታሽን እንግዲህ ምን ላድርገው፣ ላቡካው?» አሉ። ከዚያ ግን ሲሄዱ ትከሻቸው በሳቅ ይነቃነቅ ነበር። ነገ ከሁሉ ቀድሜ ወረፋ እይዝላቸዋለሁ፣ እምላለሁ። ለእሁድ ደግሞ ሰርግ ተጠርቻለሁ፤ ወይዘሮ የሺ «ያንን የሚጠፋውን ብርሃን እንዳታመጭብኝ» ብላለች።

ቀኑን ሙሉ እንዴት ታቀብይዋለሽ የምትለዋን ጥያቄ ሳስብ ዋልኩ። አንድ ሌላ መስታወት ያስፈልገኛል፤ ምናልባት ሁለት። ወደየት እንደማዞራቸው አላውቅም። የማላውቀው ነገር ርዕሴ መሆኑ ያስፈራል፣ ደስም ይላል፤ የትኛው እንደሚበልጥ አልወሰንኩም። በዚህኛው መጠይቅስ «አልወሰንኩም» የሚለው ላይ ምልክት ባደርግ ደስ ይለኛል።

አሁን መሣሪያው በርቷል። ሁለቱም ጨረሮች ካርቶኑ ላይ ናቸው፣ ቀዳዳው ጥቁር ነው፣ ቅንጣት አይነቃነቅም። እንዲህ ጸጥ ሲል ለማየት ስንት ተጨንቄለት ነበር። ዛሬ ትንሽ ሰለቸኝ። ግድግዳውን አንኳኳሁ፣ ቀዳዳው ቀላ አለልኝ።